የተከለከለው ቤት ካሳው ስንት ነው?

"ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል" የምትባል ዓረፍተ ነገር አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያለው፣ ወይም ቤት ያለው ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጣሪያ ለመቀየር፣ የዘመመ ግድግዳ ለማቃናት፣ ጭቃውን በብሎኬት ለመተካት፣ አቅም ካለም ፎቅ ለማውጣት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሄደ ሰው እሷን ይዞ ይመለሳል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩአት። ማን እንደሚፈልገው አትናገርም። መቼ እንደሚፈልገው አትናገርም። ለምን እንደሚፈልገው ብትጠየቅ "ለልማት" ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። አብዛኛውን ጊዜ የምትነገረው በቃል ስለሆነ ማኅተም የላት፣ ቁጥር የላት፣ ቀን የላት። ነገር ግን አንድን ሰፈር ሙሉ ለአስር ዓመት ባለበት አቁማ ማስቀመጥ ትችላለች።

እኛ ይህን የምንጽፈው ልጆች የቤት ባለቤቶች አይደለንም። ገሚሶቻችን ተከራይ ነን፣ ገሚሶቻችን አሁንም ከወላጆቻችን ጋር ነን፤ ካርታ የሚባለውን ነገር በእጃችን የያዝነው ለሌላ ሰው ጉዳይ ፎቶ ኮፒ ልናስነሣ ስንላክ ብቻ ነው። ስለዚህ "እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የባለሀብት ጠበቃ የሆናችሁት?" የሚለንን ሰው ከወዲሁ እናርፍልህ እንለዋለን። ጉዳዩ የኛም ነው። አንድ ባለይዞታ በግቢው ውስጥ ሁለት ፎቅ እንዳይሠራ ሲከለከል የጠፉት አራት አምስት ክፍሎች እኛ የምንከራያቸው ክፍሎች ናቸው። ለተከራይ ከተማ ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ሁሉ ያልተሠራ ክፍል ነው፤ የክፍል እጥረት ደግሞ በየዓመቱ በኪራይ ጭማሪ መልክ በራችንን ያንኳኳል።

ወደ ነገሩ እንግባ። እንዲህ ያለች እናት እናስብ፤ በየሰፈሩ ስላሉ ማሰቡ አይከብድም። 150 ካሬ ነባር ይዞታ አላቸው። ካርታ አላቸው፣ ግብራቸውን በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ደረሰኙን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከፍራሽ ሥር አስቀምጠዋል። ቤቱ የጭቃ ነው። አንዷ ልጃቸው ቤሩት፣ ቀጥሎም ዱባይ ሠርታ ገንዘብ ላከች፤ ቤቱ ፈርሶ ጂ ፕላስ ቱ እንዲሠራ፣ ታችኛው ለእናትየው፣ ላይኛው ለኪራይ እንዲሆን። እናት አርክቴክት ቀጥረው፣ ዲዛይን አሠርተው፣ የፕላን ስምምነት ሊጠይቁ ሲሄዱ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጠበቀቻቸው። "ሰፈሩ መልሶ ማልማት ውስጥ ነው፤ ጠብቁ።"

እሺ፣ ጠበቁ። አንደኛ ነገር፣ ገንዘቡ አይጠብቅም። ያ ገንዘብ በመጣበት ዓመት ሁለት ፎቅ ያቆም የነበረ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ የመሠረቱን ብረት ከገዛ እሰየው ነው። የብረትና የሲሚንቶን ዋጋ የሚያውቅ ማጋነናችን እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ባንኩ እንደሚፈርስ የተወራበትን ቤት በመያዣነት ሲቀበል ፊቱን ያጨፈግጋል። ሦስተኛ፣ እሸጣለሁ ቢሉ ገዢው ወሬውን ከሳቸው ቀድሞ ሰምቷል፤ ወይ ይሸሻል ወይ በግማሽ ዋጋ ይጠይቃል። አራተኛ፣ ጣሪያው ያፈሳል። እድሳት አይፈቀድምና ላስቲክ ያለብሱታል። ላስቲኩ በፀሐይ ይቀደዳል፣ ሌላ ላስቲክ ይደርባሉ። ዓመታት ያልፋሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ልማቱ እውነትም ይመጣል። ገማቾች ሜትርና ወረቀት ይዘው ግቢው ውስጥ ይገባሉ፤ የቆመውን ይቆጥራሉ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የውጭ ሽንት ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የቦታው ዋጋ ሒሳቡ ውስጥ የለም። እንግዲህ ካሳው የጭቃ ቤት ካሳ ይሆናል። እኛም የምንጠይቀው እዚህ ላይ ነው፦ የጭቃ ቤት የሆነው ለምንድን ነው? እናትየው ጭቃ ስለወደዱ ነው? ገንዘብ ስላጡ ነው? አይደለም። ፎቅ እንዳይሠሩ የከለከለው አካል ራሱ ፎቅ የለህም ብሎ ካሳውን ይቀንሳል። በመጀመሪያ ከልክሎ፣ ቀጥሎ በክልከላው ውጤት ዋጋ መተመን በየትኛው ሒሳብ ትክክል እንደሚሆን የሚያስረዳን ባለሙያ ካለ ደጁን እንጠናለን።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉን ለማንበብ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ነው የሚታተመው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ይሰጣል። እሺ፣ በዚህ ዛሬ አንጨቃጨቅም፤ ያ ጭቅጭቅ ከኛ ዕድሜ ይበልጣል። ያው አንቀጽ ግን ወረድ ብሎ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚሠራው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን መብት ሰርዞ መገኘት አያስፈልግም፤ እንዳይሠራ ካደረጋችሁት መብቱ የሚያርፍበት ነገር ያጣል። ያልተሠራ ቤት ላይ ሙሉ መብት አለህ ማለት ያልተወለደ በሬ ቀንድ ይድረስህ እንደ ማለት ነው።

ሌላም አለ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን ሁኔታ የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀድሞው ከ1997ቱ አዋጅ የተሻለ ነገር ይዞ ነው የመጣው፤ የተሻለውን የተሻለ እንላለን። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚባል ነገር ጨመረ። ተነሺዎችን አስቀድሞ፣ በመርህ ደረጃ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ማማከር ያስፈልጋል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ጻፈ፦ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግልም ሆነ በቡድን ለማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው። ቅድሚያ! ከአልሚው በፊት፣ ከባንኩ በፊት፣ ከሪል ስቴቱ በፊት። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወጥቶለታል፤ የዚያ ማሻሻያ ዋና ጭንቀት ግን ካሳውን የትኛው የመንግሥት እርከን ይክፈል የሚለው ነበር።

ታዲያ ይህ ቅድሚያ እንዴት ነው የሚሠራው? አንድ ሰው በፕላኑ መሠረት ለማልማት ፕላኑን ማየት አለበት። አይቶ ከጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር፣ ማኅበር ማቋቋም፣ ዲዛይን ማሠራት፣ ባንክ ማናገር አለበት። ይህ ሁሉ በሳምንት አይሆንም፤ በወርም አይሆንም። መጋቢት 2016 ፒያሳ ስትፈርስ፣ በ2017 መጀመሪያ ካሳንቺስ ሲነሣ ያየነው ፍጥነት ግን ሌላ ነበር። በቀናት ማስጠንቀቂያ ተነሣን ያሉ ነዋሪዎች ጥቂት አልነበሩም። ዕቃ ለመጫን ያልበቃ ጊዜ ለአክሲዮን ማኅበር ይበቃል ብሎ የሚያምን ካለ እኛ አናምንም። ቅድሚያ መብት ያለ ጊዜና ያለ መረጃ ሲሰጥ፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ መነሻው መስመር ላይ እንደ መቆም ነው።

እዚህ ላይ "ፕላን ጠሉ" እንዳንባል አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛ ፕላን እንወዳለን። ፕላን የሌለው ከተማ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ አንሄድም። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ መግባት እንዴት እንደተቸገረ ከተማው ሁሉ አይቷል። የወንዝ ዳር ይዞ፣ ቱቦ ላይ መሠረት አውጥቶ፣ ክረምት ሲመጣ "መንግሥት ድረስልን" የሚል ባለንብረትም እናውቃለን። ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ያስፈቀደውን ምድር ቤት በማግሥቱ በቆርቆሮ ከፋፍሎ ሱቅ ያደረገ ባለፎቅም እናውቃለን፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ እኛ በአስፋልት መሐል እንሄዳለን። እንዲህ ዓይነቱን ቅጡት፤ አጨብጭበን እናያለን። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይም እንሄዳለን፤ ማታ ማታ ቁጭ ብለን ንፋስ እንቀበልባቸዋለን። ክፉ ነው አላልንም።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ፕላን ማለት ቃል ነው። ከተማው ለባለይዞታው "እዚህ ይህን መሥራት ትችላለህ፣ ያንን አትችልም፣ ይህ መንገድ እስከዚህ ይሰፋል፣ እስከዚህ ዓመት አንነካህም" ብሎ የሚሰጠው ቃል። ዜጋው በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ የዕድሜውን ቁጠባ መሬት ውስጥ ይቀብራል። የማይታይ፣ የማይነገር፣ በተናገረ በዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ ቃልም አይደለም፣ ፕላንም አይደለም፤ ለሚያውቀው ሰው የተቀመጠ ምሥጢር ነው።

ምሥጢር ደግሞ ዋጋ አለው። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። የትኛው ሰፈር እንደሚነሣ፣ የትኛው ጂ ፕላስ ስንት እንደሚፈቀድበት፣ የትኛው መንገድ በየት በኩል እንደሚሰፋ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ዕውቀቱ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ደላላው ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ጉዳይ አስፈጻሚው ከጉዳዩ ባለቤት ቀድሞ ያውቃል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት በወጣበት አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ምሥጢር ለአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ አደራ መስጠት፣ ባለሙያውንም መፈተን ነው። ፕላኑን በየወረዳው ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት የሚከስረው ማን ነው? ደላላው ብቻ። እንግዲህ ለምን አይለጠፍም? ጥያቄውን ለናንተው ትተነዋል።

ነገሩ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ለዚህ መንግሥት ብቻ ብንሰጠው ሐሰት ይሆናል። አዲስ አበባ ፕላን አጥታ አታውቅም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሳሉላት፤ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሳለላት፤ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን በ1950ዎቹ ሳለላት። ደርግ አሣላት፣ ኢሕአዴግ ከለሳት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአስር ዓመቱ መዋቅራዊ ፕላን ጸደቀላት። ወረቀቱ ሲከመር ከተማዋ ከወረቀቱ ሥር በራሷ መንገድ አደገች። በመሐል አንድ ፕላን፣ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀው ማስተር ፕላን፣ ከሚነካቸው ገበሬዎች ጋር ሳይመከር መጥቶ ከ2006 ጀምሮ ያስነሣውን ተቃውሞ፣ የጠፋውንም ሕይወት አገር ያውቀዋል፤ ጥር 2008 ላይ ተሰረዘ። ሰው የማይታየውን ፕላን ይፈራል። የፈራ ሰው ደግሞ ወይ ይሸሻል ወይ ይነሣል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤትና ከ500 ካሬ ያልበለጠ ቦታ ብሎ ሲደነግግ፣ ኪራይ ቀነሰና ድሃው እፎይ አለ። የድሃው እፎይታ እውነት ነበር፤ አንክድም። ግን ቤቱን ማን ያድሰው? ቀበሌው በሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም፤ ተከራዩ የኔ አይደለም ይላል። እነዚያ ቤቶች ሃምሳ ዓመት ሲበሰብሱ ከርመው "የተጎሳቆለ ሰፈር" ተባሉና ለመፍረሳቸው ምክንያት ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቤቱን ያጎሳቆለው ደንብ፣ መጎሳቆሉን ምክንያት አድርጎ ቤቱን አፈረሰው። ዛሬ በግል ይዞታ ላይ ቀን የሌለው እግድ ሲጣል ያው ነገር በሌላ ስም እየተደገመ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ።

ከእግዱ በተቃራኒ የቆመም ደንብ አለ፤ ያኛው "አትሥራ" ሲል ይኸኛው "ትልቅ ሥራ፣ አለዚያ አትሥራ" ይላል። በዋና መንገድ ዳር የአካባቢ ልማት ፕላኑ ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ይወስናል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ዋና መንገድ ዳር አንድ ፎቅ ሱቅ ብቻ ተደርድሮ መሬቱ ይባክን አንልም። ግን 120 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ፎር የሚጠየቅ ሰው ምን ያድርግ? ደረጃው ራሱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ምሰሶው፣ ከድንበር የሚለቀቀው ክፍተት ተቀንሶ የሚቀረው ለሁለት ወንበር ነው። "ከጎረቤትህ ጋር ተቀናጅተህ ሥራ" ይባላል። ጎረቤቱ ደግሞ ስድስት ወራሽ ነው። አንዱ ሥዊድን ነው፣ አንዷ ውክልና አልሰጥም ብላለች፣ ሁለቱ ፍርድ ቤት ናቸው። የሌላ ሰው ወንድሞች እስኪታረቁ ድረስ የኔ ቤት አይሠራም ማለት ነው። ሕጉ ላይ "ተቀናጅቶ" የምትለዋን ቃል የጻፈው ባለሙያ የአማቶቹን ውርስ ተካፍሎ የሚያውቅ አይመስለንም።

ለመቀናጀት ድጋፍ ቢኖር ነገሩ ይቀል ነበር። ፈቃደኛ ለሆኑት የምዝገባ ክፍያ ቢቀነስላቸው፣ ወራሾቹ ያልተስማሙበትን ድርሻ በግምት የሚለይ አሠራር ቢኖር፣ ሁሉም ባይስማሙ እንኳ የተስማሙት በደረጃ እንዲሠሩ ቢፈቀድ፣ ዛሬ ሁለት ፎቅ ሠርቶ ለአምስት የሚበቃ መሠረት የሚያወጣ ሰው ቢበረታታ። መሐንዲሶቻችን ይህን ማስላት አያቅታቸውም። የሚያስፈልገው ድሃ ባለይዞታም አልሚ ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን ብቻ ነው።

ስለ ሠሪውም እናንሣ፤ ሠሪ ስንል ግዙፉን ሪል ስቴት ሳይሆን በየሰፈሩ ሁለትና ሦስት ፎቅ የሚያቆመውን ትንሹን ኮንትራክተር ነው። እሱ የሚሞተው በክልከላ ሳይሆን በመለዋወጥ ነው። መጠየቂያው አንድ ነገር ሆኖ ይነሣል፤ ዲዛይኑ ተሠርቶ ሲቀርብ ሌላ መመሪያ ወጥቷል ይባላል፤ እሱ ተስተካክሎ ሲመጣ ባለሙያው ተቀይሯል፤ አዲሱ ባለሙያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘበኛው ደመወዝ ይበላል፣ የተከራየው ማደባለቂያ በቀን ይቆጥራል፣ አናጺውና ፌራዮው ሌላ ሥራ ፍለጋ ይበተናሉ። ብዙዎች በመጨረሻ የሚያደርጉትን ሁላችንም እናውቃለን፦ ቅዳሜ ማታ ቆርቆሮ አጥረው፣ ሌሊቱን ሞልተው፣ ሰኞ ጠዋት "ድሮም የነበረ ነው" ይላሉ። ይህን አንደግፍም። ግን ሕጋዊው በር ሁለት ዓመት ሲዘጋ ሰው በአጥር መዝለሉ ሊያስገርመን አይገባም። ጨረቃ ቤትን የወለደችው ጨረቃ ብቻ አይደለችም።

አሁን አንድ ነገር አስተያዩልን። ከተማው መሬት በሊዝ ሲሰጥ ውሉ ላይ ቀን ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ትጀምራለህ፣ በዚህ ጊዜ ትጨርሳለህ፤ ካልሆነ ትቀጣለህ፣ ቦታውም ይነጠቃል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ዕድሜውን እንኳ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60 ዓመት። ጥሩ። ለግንበኛው ሁሉም ነገር በቀን የተቆጠረ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም አከራዩን ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ስጥ፣ ተከራይህን በየጊዜው አታባርር ይላል። እኛ ተከራዮች ነንና ደስ ብሎን ተቀብለናል። ግን ያ አከራይ ራሱ ከከተማው የሁለት ዓመት ዋስትና አለው? ቤቱ በሚቀጥለው መስከረም ይኑር አይኑር የሚነግረው አለ? ለእኛ የሰጠውን ውል እሱ ከማን ይውሰድ? ቀን ለግንበኛው፣ ቀን ለአከራዩ፤ ለከተማው ብቻ "ጠብቁ"። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አጥሩ ብዙ ተነቅንቋል።

የኮሪደሩ ደንብ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። መንገድ ዳር ያለ ባለንብረት ፊቱን አድስ፣ ቀለም ቀባ፣ መብራት አድርግ ይባላል፤ ቀለሙም ግራጫና የግራጫ ዘመድ ነው። (ግራጫ ለምን እንደተመረጠ እኛ አናውቅም፤ ዝናብና ጭስ ያለበት ከተማ ቀለሙን በራሱ ጊዜ ግራጫ ያደርገው ነበር።) ወጪው የባለንብረቱ ነው። ይሁን፤ ቤቱ የሱ ነው። ነገር ግን ፊቱን አድስ ተብሎ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው፣ ያ ፊት ለስንት ዓመት እንደሚቆም ማወቅ አይገባውም? ዛሬ ቀለም አስቀብታችሁ ነገ የምታፈርሱት ከሆነ ቀለሙ ለምን ነበር? ያው ሥራ ባሕር ዳርም ጎንደርም ሐዋሳም ጅማም ደርሷልና ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

"ከተማው ገንዘብ የለውም፤ እግድ ላቆየበት ጊዜ ሁሉ ካሳ ቢከፍል ይከስራል" የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ይከብደዋል። የምንፈልገውም እሱን ነው፤ እንዲከብደው። አሁን እግድ ለከተማው ነጻ ነው። ነጻ የሆነ ነገር ደግሞ ያለ ልክ ይወሰዳል፤ በአንድ እስክሪብቶ መቶ ሄክታር "ይፈለጋል" ይባላል፣ ከዚያ ውስጥ አስሩ በአስር ዓመት ይለማል፣ ዘጠናው ላስቲክ ለብሶ ይጠብቃል። ለእግዱ ትንሽ ነገር እንኳ የሚከፍል ቢሆን፣ ቢያንስ ግብሩን ቢተው፣ በእውነት የሚፈልገውን አስሩን ብቻ ይይዝና ዘጠናውን ሰው ቤቱን ይሠራበት ነበር። ያ ዘጠና ውስጥ ስንት ክፍል እንደሚወጣ አስቡት።

ሌላው መልስ "ፈቅደን ፎቅ ቢሠሩና በኋላ ቢፈርስ ካሳው ይበዛል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው" የሚለው ነው። ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣናል፤ ምክንያቱም ያቺን የጭቃ ቤት እናት ሆን ብሎ በጭቃ ቤት ያቆያቸው ማን እንደሆነ በራሱ አፍ ይናገራል። ድሃ ሆነው እንዲቆዩ የተፈለገው ሲነሡ ርካሽ እንዲሆኑ ነው ማለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ መቆጠቡ ካልቀረ ለምን ከእሳቸው ኪስ ይቆጠባል? እሳቸውም ሕዝብ ናቸው፤ እንዲያውም ልጃቸው ከዱባይ የላከችው ዶላር ለአገር የገባ የውጭ ምንዛሪ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ብዙም አይደለም። አንድ ባለይዞታ ካርታውን ይዞ ወረዳው ሲገባ በቦታው ላይ ምን እንደተፈቀደ፣ ስንት ፎቅ፣ የመንገዱ መስፊያ እስከ የት እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ በዚያው ቀን ይሰጠው። ያ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው በወረቀቱ መሠረት ፈቃድ አውጥቶ ከጀመረ፣ ሕንጻው እስኪያልቅ ድረስ አዲስ መመሪያ ወደ ኋላ ሄዶ አይንካው። ሰፈሩ በእውነት ለልማት ከተፈለገ እግዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የፈረመው ሰው ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ የሚያልቅበትም ቀን ይኑረው፤ ሁለት ዓመት እንበል። በሁለት ዓመት ውስጥ ልማቱ ካልመጣ እግዱ ማንም ሳያነሣው በራሱ ይውደቅ፤ እናትየውም ቤታቸውን ይሥሩ። ከዚያ በኋላ ልማቱ ቢመጣ የቆመውን ፎቅ ገምቱና ክፈሉ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ጣሪያ መቀየር፣ ግድግዳ ማቃናት፣ ሽንት ቤት መሥራት የሚባለው ነገር በየትኛውም እግድ ውስጥ መከልከል የለበትም፤ ሰው ዝናብ ሳይመታው ይጠብቅ። ቅድሚያ የማልማት መብት ያላቸው ሰዎች ፕላኑ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር በቂ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ያ ጊዜ ሳያልቅ ቦታው ለሌላ አልሚ አይሰጥ።

የ2009ኙ መዋቅራዊ ፕላን የአስር ዓመት ነው፤ 2019 ላይ ዕድሜው ይሞላል። በቦታው የሚተካ ፕላን መምጣቱ አይቀርም። ያ ፕላን ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ሰው ቤቱን በጣቱ ነክቶ "እዚህ ጋ ነኝ" ሊል በሚችልበት ትልቅ ወረቀት ላይ። እኛም ሄደን እናየዋለን፤ የራሳችን ቤት ባይኖርም የተከራየነውን እንፈልጋለን።